ወረርሽኙና ዘግይቶ የመጣው ስብራት

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በተቀሰቀሰባቸው የመጀመሪያ ወራት በብዙ አገሮች የሚገኙ የድንገተኛ ክፍሎች አጥንቱ ተሰብሮ የሚመጣው ሰው ቁጥር መቀነሱን ይናገሩ ነበር። በወቅቱ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ስለነበርሁ ይኸው መቀነስ በተረኞች መዝገባችን ላይ ሲታይ አይቻለሁ፤ ከወትሮው ቁስለኛ አልጋ አጥቶ በቃሬዛ ላይ ከሚያድርበት ክፍል ውስጥ ባዶ አልጋ መታየቱ ራሱ ያስገርመን ነበር። «ቢያንስ በዚህ በኩል እግዜር አሰበን» ያሉ ባልደረቦችም ነበሩ። እኔ ግን ያ መዝገብ የነገሩን ግማሹን ብቻ ያሳይ እንደነበር ከጊዜ ወደ ጊዜ ይበልጥ እያመንሁ መጥቻለሁ። መኪና ሲቆም፣ ግንባታ ሲቀዘቅዝና የኳስ ሜዳ ጭር ሲል የሚሰበረው ሰው በእርግጥ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ከመዝገቡ የጠፉት ሁሉ ከአደጋ የተረፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተሰብረው ቤታቸው የቀሩ ነበሩ። በአጥንት ሕክምና ደግሞ ዘግይቶ መምጣት ራሱን የቻለ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ የሆነ ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በመጋቢት ማብቂያ በርካታ ክልሎች የረጅም ርቀት የሕዝብ ትራንስፖርትን አገዱ፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ በአማራ ክልል አንዳንድ ከተሞች ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ተከለከለ፣ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአዲስ አበባ ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ፣ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተደረገ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ሕሙማን ብቻ ተለየ፤ ቆየት ብሎም የሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት ማከሚያ ሆነ። እነዚህን እርምጃዎች ዛሬ ላይ ቆሜ ለመንቀፍ አልፈልግም፤ የጣሊያንንና የስፔንን ሆስፒታሎች በየምሽቱ በቴሌቪዥን እያየን ምንም ሳናደርግ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ነገር ግን እርምጃዎቹ ሲደማመሩ እግሩ የተሰበረ የገጠር ሰው ወደ ሆስፒታል የሚመጣበትን መንገድ በሦስት በኩል ዘጉበት፤ መኪናው የለም፣ መኪና ቢገኝ ዋጋው አይቀመስም፣ ዋጋው ቢሟላም ሆስፒታል ማለት ኮሮና የሚያዝበት ቦታ ነው የሚል ፍርሃት አለ። በእኔ ግምት ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጥ ሰው አስቀርቷል።

መዘግየት በዚህ ሙያ ይህን ያህል የሚያሳስበው አጥንት ከተሰበረበት ሰዓት ጀምሮ ሐኪም ኖረም አልኖረም የራሱን ሥራ ስለሚጀምር ነው። በስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለስላሳ የሆነ አዲስ አካል በቅሎ ሁለቱን ጫፎች ያያይዛል፤ ከዚያም እየጠነከረ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጫፎቹ ትይዩ ይቀመጡ ወይም ይጣመሙ አይመርጥም። በሕፃናት ላይ ደግሞ ሂደቱ እጅግ ፈጣን ነው፤ ክርኑ አጠገብ የተሰበረ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ በሰመመን በእጅ ጎትቶ ማስተካከል ይቻል የነበረውን፣ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ በመሮ ካልተላቀቀ በስተቀር ንቅንቅ አይልም። የዳሌ መገጣጠሚያ ውልቃት በስድስት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ተጎድቶ አጥንቱ የመሞቱ ዕድል ይጨምራል። ቆዳን ቀዶ የወጣ ስብራት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ከተቻለ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቁስሉን በቀዶ ሕክምና የማጽዳቱን ሥራ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ አጥንት ውስጥ የሰረገው ኢንፌክሽን ለዓመታት መግል እያፈሰሰ ሰውየውን ከእርሻውና ከሥራው ሊያፈናቅለው ይችላል።

ታዲያ ሆስፒታል ያልመጣው ሰው የት ሄደ? አብዛኛው ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ወጌሻን በጅምላ ከሚያወግዙ ሐኪሞች ወገን አይደለሁም። ያልተዛነፈ የክንድ ስብራት በወጌሻ እጅም ይድናል፤ ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ካርድ አያስወጣም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ያምነዋል። ችግሩ ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ክንድ በማግሥቱ ማበጡ አይቀርም፤ እብጠቱም መውጫ ሲያጣ በውስጥ ያለው ግፊት እየጨመረ ሄዶ ደም ወደ ጣቶቹ መድረሱን ያቆማል። ጡንቻ ያለ ደም ሊቆይ የሚችለው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ልጁ ሲያለቅስ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይባላል፤ ደንዝዞ ልቅሶውን ሲያቆም «ተሻለው» ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለሞተ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ጋንግሪን፣ ማለትም ደም ያጣ አካል መሞት፣ ከወረርሽኙ በፊትም በአገራችን የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። ወረርሽኙ አዲስ በሽታ አላመጣብንም፤ ቀድሞ የነበረውን አባሰው እንጂ።

በግንቦት ወር ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል፤ ስንጥሩ ሲፈታ ከእጁ አንጓ በታች ያለው ሁሉ ጠቁሮና ደርቆ ነበር።

«ስንት ቀኑ ነው አባባ?» ብዬ አባትየውን ጠየቅኋቸው።

«አሥራ ሁለት ቀኑ ነው ዶክተር። ያኔውኑ ላመጣው ተነሥቼ ነበር፤ መኪና የለም አሉኝ። ቢኖርስ ደግሞ አዲስ አበባ በሽታው ገብቷል፣ ልጅህን ለባሰ ነገር ትዳርገዋለህ ብለው ጎረቤቶቼ ያዙኝ» አሉኝ።

ጎረቤቶቻቸው ክፉ አልመከሯቸውም፤ በሬዲዮ ቀንና ሌሊት የሚሰሙትን ነው የነገሯቸው። «ቤታችሁ ቆዩ» የሚለው መልእክት የተሰበረ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ሐረግ አልነበረውም። የልጁ እጅ ከክርኑ በታች ተቆረጠ፤ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ልጆች ከሌላ አቅጣጫም መጥተዋል።

የቀነሰውን ቁጥር በተመለከተ ደቡብ አፍሪካ ሳታስበው ትልቅ ሙከራ አካሂዳለች ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ የእንቅስቃሴ ገደቡ አልኮል መሸጥንም ጨምሮ ስለከለከለ፣ በስለት፣ በጥይትና በመኪና በተጎዱ ሰዎች ይጨናነቁ የነበሩት የድንገተኛ ክፍሎች ፋታ አገኙ። ጁን 1 ቀን ሽያጩ ሲፈቀድ ቁስለኛው ተመልሶ ጎረፈ፤ ጁላይ 12 ቀን እገዳው እንደገና ሲጣል መንግሥቱ የሰጠው ምክንያትም ለኮሮና ሕሙማን የሚሆን አልጋ ማስለቀቅ የሚል ነበር። እንግዲህ በዚያ አገር የቀነሰው ስብራት ከፊሉ እውነተኛ ቅናሽ ነው፤ የመጣውም ከቫይረሱ ፍርሃት ይልቅ ከመጠጥ ቤቶች መዘጋት ነው። አሜሪካ ደግሞ ተቃራኒውን አሳይታለች። በ2020 በመኪና የተነዳው ጠቅላላ ርቀት ከቀዳሚው ዓመት ከአሥር በመቶ በላይ ቢቀንስም፣ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ግን ከ36 ሺህ ወደ 38 ሺህ ከፍ ብሏል። ባዶ መንገድ ፍጥነትን ይጋብዛል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ አንድ ቦታ ይሰበር የነበረው የጭን አጥንት ተሰባብሮ ይመጣል። እኛም ዘንድ በዚያን ሰሞን የሚመጡት የመኪና አደጋዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹ መካከል ግን የከበዱት ይበዙ እንደነበር በተረኝነት ላይ የነበርን ሁሉ የምንስማማበት ነው።

የእንቅስቃሴ እገዳው ጨርሶ ያልነካው አንድ ስብራት ቢኖር የአረጋውያን የዳሌ ስብራት ነው። በብሪታንያና በስፔን ሌላው ስብራት ሲቀንስ ይህኛው ብዙም አልቀነሰም፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት የሚወድቁት አስፋልት ላይ ሳይሆን ሌሊት ከአልጋቸው ተነሥተው ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ነውና። ቤት መቆየት ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ጠያቂ የቀረባቸው፣ ፀሐይ የማይሞቁና ጡንቻቸው የላላ አረጋውያን ይበልጥ ለመውደቅ ይጋለጣሉ። በስፔን 13 ሆስፒታሎች የታዩ 136 የዳሌ ስብራት ታማሚዎችን የተከታተለ አንድ ጥናት፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው መካከል ሦስት አሥረኛ ያህሉ ማለፋቸውን አሳይቷል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ማቆየት ይሻላል ሊል ይችላል። ነገር ግን ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ የተኛ አረጋዊ በሳንባ ምች፣ በመኝታ ቁስልና በደም መርጋት ስለሚሞት፣ በቀዶ ሕክምናው ሊደርስ የሚችለው አደጋ ካለማከም አደጋ ያንሳል። ከቫይረሱ ካገገሙ በኋላ ሰባት ሳምንት ጠብቆ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የተሻለ መሆኑ በ2021 በወጣ፣ በ116 አገሮች በተካሄደ ጥናት ከታወቀ በኋላም፣ ይህ ምክር የዋለው መጠበቅ ለሚችል የጉልበት ቀዶ ሕክምና እንጂ ለተሰበረ ዳሌ አልነበረም።

ስለ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ባጭሩ ልናገር። የእኛ ሥራ መሰርሰሪያና መጋዝ የሚጮህበት፣ ደምና የአጥንት ብናኝ ወደ አየር የሚረጭበት ሥራ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያስፈራን እሱ ነበር። ኤን 95 የተባለው ማስክ ባልበቃባቸው ሳምንታት አንዱን ማስክ በወረቀት ከረጢት አስቀምጦ መልሶ መጠቀም የተለመደ ነበር፤ የመተንፈሻ ቱቦ ከማስገባት ለመቆጠብም በተቻለ መጠን በወገብ በሚሰጥ ማደንዘዣ እንሠራ ነበር። ከዉሃን የመጣ አንድ ጥናት ግን ትኩረታችንን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዞረው ይገባ ነበር። በስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ በቫይረሱ የተያዙ 26 የአጥንት ሐኪሞች ሲጠየቁ፣ አምስት እጅ ቢሆኑ አራቱ እጅ ያህል በሽታውን የያዙት በሕሙማን መኝታ ክፍሎች እንደሆነ ገምተዋል፤ ቀዶ ሕክምና ክፍልን የጠቀሱት ጥቂቶች ናቸው። ማለትም ሰው ተጠንቅቆና ተሸፋፍኖ በገባበት ቦታ ሳይሆን፣ ማስኩን አውልቆ ከባልደረባው ጋር በተቀመጠበትና ታማሚውን «እንዴት አደሩ» ባለበት ቦታ ተይዟል። የተረኞች ማደሪያችንን መስኮት ከፍቶ የሚያቆይ ሰው ባለመኖሩ ስንጨቃጨቅ የነበረው ጭቅጭቅ፣ ስለ መሰርሰሪያው ካደረግነው ስብሰባ ሁሉ የሚጠቅም ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ተራዘሙት ቀጠሮዎች ልምጣ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨኝ እዚህ ያለው ነውና። ኮቪድሰርጅ የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን በ2020 ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ በበረታባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ላይ 28.4 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚሰረዙ ወይም እንደሚራዘሙ አስልቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሆን 6.3 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ይህ የሆነው የእኛ ታማሚ ስለማይሞት ነው። የጉልበቱ መገጣጠሚያ ያለቀ ሰው ይሰቃያል፣ ያነክሳል፣ ሌሊት አይተኛም፤ ነገር ግን በማግሥቱም በሕይወት አለ። ወረርሽኝ ሲመጣ ሆስፒታሎች ሁሉ የሚያመዛዝኑት «ቢቆይ ይሞታል ወይስ አይሞትም» በሚል ሚዛን ብቻ ስለሆነ፣ ለሞት የማያደርሰው ሁሉ በአንድ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን አንድ ዓመት ቢጠብቅ ከሕመሙ በቀር ብዙ የማይጎዳም አለ፤ አንድ ወር ቢጠብቅ ዕድሜ ልኩን የሚጎዳም አለ።

ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት የሁለተኛው ወገን ናቸው። ከሺህ ልደት በአንዱ ያህል ስለሚታይ በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። ፖንሴቲ በተባለው ዘዴ ሕክምናቸው ርካሽና ግሩም ነው፤ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ ትንሽ ትንሽ እየተቃና ጄሶ ይደረግለታል፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ጄሶ በኋላ ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ይቆረጣል፤ ከዚያም ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ ለሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመት ገደማ ሌሊት ሌሊት ይደረጋል። የዚህ ሕክምና ምስጢሩ ሳምንቱን አለማሳለፍ ነው። ሕፃን በየቀኑ ስለሚያድግ ያልተቀየረ ጄሶ ይጠብበታል፤ እናቶችም መኪና ሲያጡ ጄሶውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው በቢላ እየፈቱ ያወጡት ነበር። ትክክል አድርገዋል፤ ባይፈቱት ቆዳው ይቆስል ነበር። ነገር ግን የተፈታው እግር ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሦስተኛው ጄሶ ላይ የደረሰ ሕፃን ከወራት በኋላ ሲመጣ እንደገና ከአንድ መጀመር፣ የገፋ ዕድሜ ላይ የደረሰውም ከባድ ቀዶ ሕክምና መጠበቅ ግድ ሆነ። ለዚህ ሥራ ኦክስጅን፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋም ሆነ ሰመመን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጄሶ፣ ውሃ፣ ጥጥና የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው። ለኮሮና የሚሆን አንድም ነገር የማይሻማ ሕክምና ከሌሎች ጋር አብሮ መዘጋቱ በምንም ሚዛን ትክክል አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

የተሻሻለ ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ታማሚው ለክር ማውጫ ብቻ ተመልሶ እንዳይመጣ በራሱ የሚሟሟ ክር መጠቀም፣ ቤት ውስጥ ሊፈታ የሚችል ማሰሪያ ማድረግ፣ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው የሚችሉ ግን በጄሶም የሚድኑ ስብራቶችን በጄሶ መተው በብዙ አገር ተለመደ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ምንም አልጎደሉም። እኛ ዘንድ ደግሞ የወረዳ ሆስፒታል ሐኪም የራጁን ፎቶ በቴሌግራም ልኮ ምክር መጠየቁ ያኔ በእጅጉ ተስፋፋ፤ ብዙ ሰው ከአላስፈላጊ ሪፈርና ከመንገድ ወጪ ድኗል። ይሁንና የራጅ ፎቶ አጥንቱን እንጂ የደም ሥሩን ምት አያሳይም፤ ላኪው የታማሚውን ጣቶች ነካክቶ ስላየው ነገር ካልጻፈ ከአዲስ አበባ የሚሰጠው ምክር በግምት የሚሰጥ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአምስት ወር በኋላ ሲያበቃ መኪናው ተመለሰ፤ ቁስለኛውም ተመለሰ። ከአዲሶቹ ጋር አሮጌዎቹ መጡ፤ ጭናቸው በአራት ጣት አጥሮ የገጠመ ወጣቶች፣ ክርናቸው የማይታጠፍ ልጆች፣ ከስድስት ወር በኋላም ያልገጠመ የቅልጥም ስብራት ይዘው በክራንች የመጡ ገበሬዎች። በመጀመሪያው ሳምንት ቢመጡ አንድ ሰዓት በማይፈጅ ሥራ አንድ ብረት ከትተን የምንሸኛቸውን፣ አሁን ጠማማ የገጠመውን እንደገና መስበር፣ ከዳሌያቸው አጥንት ወስዶ መሙላትና ደም ማዘጋጀት ግድ ነበር። ደሙ ደግሞ ትምህርት ቤቶችና ተቋማት ሲዘጉ ለጋሹ አብሮ ስለራቀ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ይህ ክምር ገና ሳይቃለል ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ በጥይትና በከባድ መሣሪያ የተሰባበረ አጥንት አልጋውንም የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛውንም ወሰደው፤ ተራ ይጠብቁ የነበሩትም እንደገና ወደ ኋላ ተገፉ።

ለቀጣዩ ወረርሽኝ ዕቅድ ሲወጣ የአጥንት ሐኪሞች ጠረጴዛው ላይ መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ለአዲስ ስብራት የተለየ ቀዶ ሕክምና ክፍልና የተለየ መግቢያ በር ያለው ሆስፒታል አስቀድሞ መሰየም፣ የትራንስፖርት እገዳ ሲታወጅ ጉዳተኛ የጫነ መኪና የሚያልፍበትን ፈቃድ ቀበሌ እንዲሰጥ ማድረግ፣ የቆልማማ እግር ጄሶን ከሚዘጉት አገልግሎቶች ዝርዝር ማውጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ወጌሾችንም በወረርሽኝ ጊዜ ሰው የሚሄደው ወደ እነሱ መሆኑን አምነን ቀድመን ልናነጋግራቸው ይገባል፤ ለወጌሾች የተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና በጋንግሪን የሚቆረጡ እጅና እግሮችን እንደቀነሰ ከዓመታት በፊት በዚሁ በአገራችን ታይቷል። በ2012 ቤት ለቤት እየዞሩ ሙቀት የለኩት ባለሙያዎችም የታሰረ እጅ ባዩ ጊዜ ጥፍሩን ጫን አድርጎ ደሙ ቶሎ መመለሱን ማየት፣ ጣቶቹን አንቀሳቅስ ማለት፣ ቢቀዘቅዝ ወይም ቢደነዝዝ ማሰሪያውን ወዲያው አስፈትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይችሉ ነበር። ይህን ለማስተማር ከግማሽ ቀን በላይ አያስፈልግም።